ዱቄቱ፣ ዘይቱ ወይስ እንክብሉ? ለሜታቦሊዝምና ለስሜት ዘር ከመምረጥዎ በፊት

ስለ ዘሮች የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው «ሜታቦሊዝምን (ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ለውጦ የሚያቃጥልበትን ሥራ) ያፋጥናል፣ ስሜትን ያነቃቃል» ከሚለው አባባል አያመልጥም። ተልባም፣ ቺያም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ አብሽም፣ የዱባ ፍሬም ይኸው ይባልላቸዋል። በዱቄት፣ በዘይትና በእንክብል ይሸጣሉ፤ ሲያሻም ሁሉም ተቀይጠው በአንድ ብልቃጥ ይቀርባሉ። ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄው እንዲህ በደፈናው ከቀረበ መልስ የለውም። ኮሌስትሮሉን ማውረድ ለሚፈልግ የሚሆነው፣ ድባቴ ለተጫነው ላይፈይድ ይችላል። ያው አንድ ተልባ እንኳ ሳይፈጭ፣ ተፈጭቶና በዘይት መልክ ሲወሰድ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይለያያል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከሳህን ወደ እንክብል በተጠጋን ቁጥር ተስፋው እየገነነ፣ ማስረጃው ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ሜታቦሊዝም በእርግጥ ይፋጠናል?

ሰውነት በቀን ከሚያቃጥለው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ምንም ሳንሠራ፣ ተኝተንም ጭምር የሚወጣ ነው። ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ያለማቋረጥ ይጠቀሙበታል። 10 በመቶ ገደማው የበላነውን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ይውላል፤ የቀረው ለእንቅስቃሴ ነው። የምንበላው ነገር በቀጥታ የሚነካው ያቺን 10 በመቶ ሲሆን፣ በእሷም ላይ ፕሮቲንን የሚያህል የለም። ከፕሮቲን ከሚገኘው ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲኑን ራሱን ለማዋሃድ ይጠፋል። ካርቦሃይድሬት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ስብ ላይ ከ3 በመቶ አይበልጥም። የተልባም ሆነ የሰሊጥ ካሎሪ ደግሞ አብዛኛው ከስብ የሚመጣ ነው።

«ሠላሳን ስሻገር ሜታቦሊዝሜ ዘገየ» ማለትም ተለምዷል። በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣውና ከ29 አገሮች የተሰበሰቡ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት ግን ይህን አይደግፍም። የሰውነት መጠን ልዩነት ከግምት ሲገባ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚቃጠለው ጉልበት ያን ያህል አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፤ እሱም በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ።

ጉልበት ማቃጠልን ከፍ የሚያደርጉ ዘሮች ካሉ ካፌይን ያለባቸው ናቸው፤ ቡናና ጓራና የተባለው የደቡብ አሜሪካ ተክል። «ስብ አቃጣይ» ተብለው የሚሸጡ ብዙ እንክብሎች ውስጥ ጓራና የሚገባው ለዚህ ነው። 100 ሚሊ ግራም ካፌይን ያረፈ ሰው የሚያቃጥለውን ጉልበት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከ3 እስከ 4 በመቶ ከፍ ያደርጋል። እስቲ እናስላው። በእረፍት ላይ ሆኖ በቀን 1,600 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል 167 ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ የዚህ 4 በመቶ 7 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ለዚህች ትርፍ ሲባል ካፌይኑ አመሻሽ ላይ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጭንቀት የሚቀናውን ሰው ደግሞ ልቡን እያስመታ ያባብስበታል። ለሜታቦሊዝም ተብሎ የተገዛው እንክብል ስሜትን የሚጎዳበት ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው።

ያልተቆላ የቡና ፍሬ እንክብልም በአንድ ወቅት ተአምር ተብሎ ነበር። ወሬውን ያጋጋለው በ2012 የታተመ ጥናት የተሠራው በ16 ሰዎች ላይ ነው፤ በ2014 መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ ከመጽሔቱ ተሰርዟል።

ዘሮች በትክክል የሚረዱባቸው ቦታዎች ሌላ ናቸው፦ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር የሚወጣበት ፍጥነት፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ግፊት፣ የጥጋብ ስሜት፣ የሆድ ድርቀት። ከጥጋብ በቀር እነዚህ ሊለኩ ወይም ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ መምረጥም በእነሱ ነው።

ዘር ወይስ ጠቅላላው አመጋገብ?

ለስሜት ከሆነ እኔ ያለማመንታት ጠቅላላውን አመጋገብ አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ሦስት ጥናቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳዩት ነው።

በ2017 ፌሊስ ጃካ የመሩትና «ስማይልስ» የተባለው የአውስትራሊያ ጥናት ድባቴ የተገኘባቸውን 67 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ለ12 ሳምንት ከምግብ ባለሙያ ጋር እየተገናኘ አመጋገቡን ቀየረ፤ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ጨመረ፣ ጣፋጩንና የፋብሪካ ምግቡን ቀነሰ። ሌላው ወገን በዚያው ልክ የሚያጫውተው ሰው ብቻ ተመደበለት። በመጨረሻ ከድባቴው ወጥቷል የተባለው ከመጀመሪያው ወገን 32 በመቶ፣ ከሁለተኛው 8 በመቶ ነበር። የጥናቱ ድክመት ግልጽ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የትኛው ወገን ውስጥ እንዳሉም ያውቃሉ። ጥሩ ነገር ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ደግሞ ግማሹን መንገድ በራሱ ይሄደዋል።

በ2019 የወጣው «ሙድፉድ» በአራት የአውሮፓ አገሮች ክብደታቸው ከፍ ያለና ለድባቴ የተጋለጡ 1,025 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ኦሜጋ ሦስት፣ ሴሊኒየም፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በየቀኑ የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ያነሰ ድባቴ አልያዛቸውም። እዚያው ጥናት ላይ የተሰጠው የአመጋገብ ምክርም ድባቴን ለመከላከል በቂ ውጤት አላሳየም፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። እስካሁን የታየው ነገር የአመጋገብ ለውጥ ድባቴ ውስጥ ላለው ሰው የሚጠቅም ይመስላል፣ ለመከላከያነት ግን ገና አልተረጋገጠም የሚል ነው። ሦስተኛው በ2021 የታተመው ትልቁ ጥናት ነው። 18,353 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል የዓሣ ዘይት እንክብል ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ፤ የዓሣ ዘይቱ ድባቴን አልተከላከለም። የዓሣ ዘይት ያልቻለውን የተልባ እንክብል ይችላል ብሎ መጠበቅ ለምን እንደሚከብድ ከዚህ በታች እናያለን።

በሜታቦሊዝም በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኬቨን ሆል በ2019 ባሳተሙት ጥናት 20 ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ እየኖሩ ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። የፋብሪካው ሲቀርብ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ያንን የሚያካክስ ማንኪያ ዘር የለም።

ምግብ ማጉደልም መፍትሔ አይሆንም። አንሰል ኪስ በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ምግብ አኖሯቸው። ክብደታቸው በሩብ ቀነሰ፤ ሰውነታቸውም በእረፍት የሚያቃጥለውን ጉልበት አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ይልቅ የሚያስደነግጠው ጠባያቸው ነው፦ ተበሳጩ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ፣ ከምግብ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። አጥብቆ እየጾመ ለመከፋቱ መድኃኒት የሚሆን ዘር የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ዘሮቹ ሲወዳደሩ

ከሁሉም ብዙ የተጠናው ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ 1.6 ግራም ኤኤልኤ የሚባለው የዕፅዋት ኦሜጋ ሦስትና 2 ግራም የሚጠጋ አሰር (ፋይበር) አለ። ለአዋቂ ወንድ በቀን በቂ የሚባለው ኤኤልኤ 1.6 ግራም፣ ለሴት 1.1 ግራም ስለሆነ አንዷ ማንኪያ ትበቃለች። በ2013 የታተመ የካናዳ ጥናት የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን ለስድስት ወር በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ አበላ። የላይኛው የደም ግፊታቸው ተልባ የሌለበትን ከበሉት አንጻር በ10፣ የታችኛው በ7 ነጥብ ገደማ ዝቅ አለ። ከዘር እንዲህ ያለ ውጤት ብርቅ ነው። 30 ግራም ግን ከአራት ማንኪያ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ችግሩ ስሜት ላይ ነው። ከድባቴ ጋር በተያያዘ የሚጠቀሱት የኦሜጋ ሦስት ዓይነቶች ዓሣ ውስጥ ያሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ናቸው። ሰውነት የተልባን ኤኤልኤ ወደ እነሱ መለወጥ ይችላል፤ ግን ከጥቂቱ በቀር አይለውጥም፣ ወደ ዲኤችኤ የሚደርሰውማ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተልባን ለደም ግፊትና ለሆድ እመርጠዋለሁ፤ ለስሜት ግን አልመርጠውም።

ቺያ የተልባ ቅርብ ዘመድ ይመስላል፤ አሰሩ የበለጠ ነው። 28 ግራሙ 10 ግራም ያህል አሰር ይይዛል፤ መፈጨትም አያስፈልገውም፣ ስቡም ቶሎ አይበላሽም። ለሚሰንፍ ሰው (ራሴንም እቆጥራለሁ) ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ክብደት ላይ ግን ማስረጃው የተከፋፈለ ነው። በ2009 የወጣው ጥናት ላይ በቀን 50 ግራም ለ12 ሳምንት የበሉ ሰዎች ምንም አልቀነሱም። በ2017 የወጣው ደግሞ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸውና ካሎሪ ቀንሰው የሚበሉ ሰዎች በስድስት ወር 1.9 ኪሎ እንደቀነሱ አሳየ፤ ቺያ ያልበሉት 0.3 ኪሎ። ልዩነቱ ያለው አብሮት በሚበላው ነገር ላይ ይመስለኛል።

ቺያ ከክብደቱ 10 እጥፍ ገደማ ውኃ ይመጣል። ብርጭቆ ውስጥ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ጉሮሮ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2014 የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቀረበ አንድ ታማሚ አንድ ማንኪያ ደረቅ ቺያ ቅሞ ውኃ አስከተለበት፤ ዘሩ ምግብ መውረጃው ውስጥ አብጦ ዘጋው፣ የወጣውም በሐኪም መሣሪያ ነው። ቺያ ከመበላቱ በፊት ቢያንስ ሩብ ሰዓት መዘፍዘፍ አለበት።

ኮሌስትሮል ብቻ ከሆነ ዓላማው፣ ሁለቱንም የሚበልጣቸው ስሙ ብዙ የማይነሳው ሳይሊየም ነው፤ የአንድ ዓይነት ተክል ዘር ገለባ። የ28 ጥናቶች ድምር ግምገማ በቀን 10 ግራም ገደማ ሲወሰድ «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል በ13 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ያህል እንደሚወርድ አሳይቷል። ጣዕም የለውም፣ ማራኪ ታሪክም የለውም፤ ይሠራል።

የዱባ ፍሬ ጥንካሬ ማግኒዥየም ነው። 28 ግራሙ 150 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ አዋቂ ሴት በቀን ከ310 እስከ 320፣ ወንድ ከ400 እስከ 420 ያስፈልገዋል። በ2017 ቀላልና መካከለኛ ድባቴ ያለባቸው 126 ሰዎች በቀን 248 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም ለስድስት ሳምንት ሲወስዱ የድባቴ መለኪያቸው በ6 ነጥብ ያህል ተሻሽሏል። ባዶ እንክብል ያልነበረበት ጥናት ስለሆነ በሙሉ ልብ አልቀበለውም። ቢሆንም ማግኒዥየም የጎደለው ሰው በፍሬው መልክ ቢያገኘው የሚያጣው ነገር የለም፤ 160 ገደማ ካሎሪ እንዳለው ግን አይዘንጋ።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን መጠነኛ በሆነ ልክ ያወርዳሉ። አብሽ የሚሠራው በአብዛኛው በሚያዝለገልገው አሰሩ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ቲሞኪኖን በተባለ ንጥረ ነገሩ ይታወቃል። ጥናቶቹ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ትንንሽና አጫጭር ናቸው። ሰሊጥና ሱፍ (የሱፍ አበባ ፍሬ) ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ከዚያ አልፎ በወር አበባ ዑደት ልክ ተልባና የዱባ ፍሬ፣ ቀጥሎ ሰሊጥና ሱፍ እያፈራረቁ መብላት ሆርሞን ያስተካክላል የሚለው ምክር ማስረጃው ቀጭን ነው።

ቅርጹ ከስሙ ይበልጣል

ያልተፈጨ ተልባ ብዙውን ጊዜ እንደገባ ይወጣል፤ ቅርፊቱን አንጀት አይሰብረውም። የተፈጨው በሙሉ ይጠቅማል፤ ግን ስቡ አየርና ሙቀት ሲነካው ቶሎ ይበላሻልና በጥቂት በጥቂቱ ተፈጭቶ፣ ተከድኖ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል። የመረረና የቀለም ሽታ ያመጣ ዱቄት መጣል አለበት። ዘይቱ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ኤኤልኤ አለው፤ አሰር ግን ጨርሶ የለውም፣ ካሎሪው 120 ነው፣ ለመጥበሻም አይሆንም። የሆድ ድርቀት ኖሮበት የተልባ ዘይት የሚገዛ ሰው የሚፈልገውን ጥሎ የማይፈልገውን ወስዷል።

እንክብሉን ደግሞ መለያው ላይ ካለው ቁጥር እንየው። የአብሽ ዱቄት የደም ስኳር ላይ ለውጥ ባሳየባቸው ጥናቶች ከተለመዱት መጠኖች አንዱ በቀን 10 ግራም ነው። አንድ እንክብል 500 ሚሊ ግራም ከያዘ 10 ግራም ለመድረስ 20 እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል። መለያው «በቀን ሁለት» ይላል። ሁለቱ 1 ግራም ናቸው። የተልባ ዘይት እንክብልም እንዲሁ ነው፤ ባለ 1,000 ሚሊ ግራሙ ግማሽ ግራም ገደማ ኤኤልኤ ይይዛል፣ የአንዲት ማንኪያ ዱቄት ያህል ለማግኘት ሦስት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል «ልዩ ቅይጥ 800 ሚሊ ግራም» ብሎ ዘጠኝ ዘሮችን ደርድሮ የእያንዳንዱን መጠን የማይናገር ብልቃጥ አለ፤ ያንን መመዘንም ማወዳደርም ስለማይቻል ከምርጫ አወጣዋለሁ።

አሜሪካን በመሰሉ አገሮች እንዲህ ያሉ ምርቶች ገበያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት እንደሚሠሩ ማረጋገጥ አይጠበቅባቸውም። ጉዳቱ ተራ ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለክብደት መቀነሻ ተብለው የሚሸጡ ምርቶችን መርምሮ አንዳንዶቹ ቢጫ ኦሊያንደር የተባለው መርዛማ ተክል ሆነው እንዳገኛቸው በ2024 መጀመሪያ አስጠንቅቋል፤ ከነዚህ ውስጥ በዘር መልክ የሚሸጡም ነበሩ። ይህ ተክል የልብን ምት የሚያዛባ ንጥረ ነገር አለው፤ ሊገድልም ይችላል። በድፍን ዘር መልክ «ከስተህ ታያለህ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከተፈጨ ተልባ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ለስሜት ተብለው የሚሸጡት

የዱባ ፍሬ ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች አንዱ) አለው፤ አንጎል ከስሜት ጋር የሚያያዘውን ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል የሚሠራው ከትሪፕቶፋን ነው፤ ስለዚህ የዱባ ፍሬ ያስደስታል። ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፤ የሚሰበረው አንጎል በር ላይ ነው። ትሪፕቶፋን ወደ አንጎል የሚገባው ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር በአንድ በር እየተጋፋ ነው፤ ፕሮቲን ያለው ምግብ ስንበላ ደግሞ ተጋፊዎቹ ከእሱ እጅግ ይበዛሉ። ካርቦሃይድሬት ሲበላ ኢንሱሊን ተጋፊዎቹን ወደ ጡንቻ ስለሚወስዳቸው መንገዱ በመጠኑ ይከፈታል። አንጀት ውስጥ የሚመረተው ሴሮቶኒን ከጠቅላላው 90 በመቶ ያህል ነው ሲባልም እውነት ነው፤ ግን ወደ አንጎል አይሻገርም።

ይህን በር የሚያልፈው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካው የግሪፎኒያ ዘር የሚወጣው 5-ኤችቲፒ ነው፤ አንጎል ገብቶ ወደ ሴሮቶኒን ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ ካሉት ሁሉ ለመድኃኒት የቀረበው እሱ ነው፤ አደጋውም በዚያው ልክ ነው። በ2002 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በትሪፕቶፋንና በ5-ኤችቲፒ ላይ የተሠሩ 108 ጥናቶችን አበጥሮ ለመመዘን የበቁት ሁለት ብቻ፣ ተሳታፊዎቻቸውም 64 ሆነው አግኝቷል። የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጨመረበት ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መፍጠን፣ ትኩሳት፣ መደናገር። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። 5-ኤችቲፒን ያለ ሐኪም ምክር ለማንም አልመክርም።

መድኃኒት ለሚወስዱ

አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደረቡ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱም ሁለቱን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ በብዛት መጀመር የለባቸውም። ነፍሰ ጡሮች አብሽን በሰፕሊመንት መጠን ባይወስዱ ይሻላል፤ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰውም አብሽ ሊያስቆጣው ይችላል።

ተልባ፣ ቺያና ሳይሊየም መድኃኒትን አንጀት ውስጥ ሊይዙት ስለሚችሉ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ለታይሮይድ መድኃኒት አራት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ሊቲየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይሊየም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። የብረት እንክብልም ከዘር ጋር አብሮ ባይወሰድ ጥሩ ነው፤ ዘሮች ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱን ይይዘዋል።

እኔ ብጠየቅ የሆድ ድርቀትና የደም ግፊት ላለበት የተፈጨ ተልባ፣ ለኮሌስትሮል ሳይሊየም፣ መፍጨት ለሚታክተው የተዘፈዘፈ ቺያ፣ ማግኒዥየም ለሚያንሰው የዱባ ፍሬ እላለሁ። አንዱን ብቻ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሮ፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ሁለት ነገር አንድ ቀን የጀመረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ወይም ሆዱን እንደነፋው አያውቅም። ኮሌስትሮል ከሆነ ከመጀመርዎ በፊትና ከስምንት ሳምንት በኋላ ይለኩ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ መቀጠሉ ትርጉም የለውም።

መደበትና ድካም ሲበረታ ግን ከዘር በፊት የሚቀድመው የደም ምርመራ ነው። የታይሮይድ ማነስ፣ ደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሁሉም ድባቴ መስለው ይመጣሉ፣ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሜቱ ካልተነሳ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብቅ ካለ፣ ስምንት ሳምንት ዘር እየሞከሩ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው።